ለሲኞራ ያልነገርኳቸው

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ። ይህን ግን በየጊዜው እየዘለልኩት እዚህ ዕድሜ ደረስኩ። ስለ ውሻ ምን ብዬ ልናዘዝ እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ነገሩ የውሻ ብቻ እንዳልሆነ ግን አውቅ ነበር።

በደርግ ዘመን ሮም ውስጥ፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ቤት ተቀጥሬ እኖር ነበር። ሲኞራ ነበር የምላቸው። ልጅ የላቸውም፤ የነበራቸው ቦቢ የሚባል ያረጀ ውሻ ነው። ቤታችን ላይኛው ፎቅ ነው፤ ሕንፃው ሊፍት የለውም። ሲኞራ ጉልበታቸው ስለደከመ ደረጃውን አይወርዱም። የቦቢ የኋላ እግሮች መታመም ሲጀምሩ እኔ ተሸክሜ አወርደው፣ ተሸክሜ አወጣው ጀመር። ከባድ ውሻ ነበር።

ሐኪም ዘንድ የወሰድኩትም እኔ ነኝ። ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰጡኝና እንዲገባኝ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ይህ መድኃኒት ጨጓራ ሊያደማ ይችላል፤ ምግብ እንቢ ካለ፣ ካስመለሰው ወይም ዓይነ ምድሩ ከጠቆረ ወዲያው አቁማችሁ አምጡት። "ይህን ሳትነግሪ ክኒኑን ለሲኞራ እንዳትሰጪ" አሉኝ። አልገባኝም ነበር? ገብቶኛል። ቋንቋው አልቸገረኝም።

"አሎራ፣ እህስ፣ ዶክተሩ ምን አለ?" አሉኝ ሲኞራ ገና በር ላይ።

"በቀን አንዴ ከምግብ ጋር ይሰጠው አሉ። ይሻለዋል።"

የቀረውን ዋጥኩት። በእኛ ዘንድ ክፉ ነገር ለአዛውንት በድንገት አይነገርም፤ ጊዜ ተመርጦ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸት ነው። ሲኞራ መድኃኒት ይፈራሉ፤ አደጋውን ቢሰሙ ክኒኑን ይጥሉታል፣ እኔም ቦቢን ስሸከም እኖራለሁ። ዝም ያልኩት ለወገቤ ነው።

ክኒኑን በአይብ ጠቅልለው በእጃቸው ያጎርሱት ነበር። ተሻለው፤ ደረጃውን በእግሩ ወረደ። ሲኞራ እንደ ልጅ አጨበጨቡ። ከዚያ አንድ ረቡዕ መንገድ ላይ ሲጸዳዳ አየሁት። ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ጥቁር ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በማግስቱ ሐሙስ ነው፤ እኛ የቤት ሠራተኞች ከሰዓት በኋላ የምንወጣበት ቀን። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ተገኝቶ ለታሰረው ወንድሜ ጫማ ልልክ ነበር። ብናገር ሐሙሴ ሐኪም ቤት ያልቃል። አርብ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ጠዋት አይቡን ሲጠቀልሉ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። አየሁና ዝም አልኩ።

ገበያ የሄድኩት ከጓደኛዬ ከዘነበች ጋር ነው። የእስር ቤት ሲሚንቶ ይቀዘቅዛል ብዬ ሶሉ ወፍራም የሆነ መረጥኩ።

"ቡኒው ይሻላል ጥቁሩ?"

"አንቺ ደስ ያለሽን" አለችኝ ፊቷን አዙራ።

"ይጠበው ይሆን? ያ ጀልባ የሚያህል እግሩ!"

አልሳቀችም።

ስመለስ ቦቢ ኩሽና ወለሉ ላይ ተዘርሯል፤ ሲኞራ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ደም አስመልሶ ነበር። ተሸክሜው ስሮጥ ደረጃው ላይ ሞተ። የፈራሁት ሸክም አልቀረልኝም።

እሑድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ዘነበችና ሌሎች አበሾች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ወንድሜ ከተገደለ ከርሟል። እናቴ ስንቅ ይዛ ስትሄድ "ከእንግዲህ አታምጪ" ብለዋት ነበር። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ጫማ ስመርጥም ያውቁ ነበር።

"እንዳትደነግጪ፣ ጊዜ እስኪመቻች ብለን እኮ ነው እህቴ" አለችኝ ዘነበች።

ለምን ደበቃችሁኝ ብዬ ጮህኩባት። በየትኛው አፌ?

ሲኞራ አቅፈውኝ ሲያለቅሱ ዋሉ። ሰው ሲወጣ እጃቸውን አተኩረው እያዩ፣ "ቦቢን የገደልኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ጠዋት እንቢ ሲለኝ አስገድጄ አጎረስኩት። ዶክተሩ ምንም አላለሽም ነበር፣ አይደል?" አሉኝ።

ማወቅ የሚገባውን የተደበቀ ሰው ምን እንደሚሰማው ያን ቀን ከእኔ የበለጠ ማን ያውቅ ነበር?

"ምንም አላሉኝም፣ ሲኞራ" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ውሻ አላሳደጉም። አይብ ሲቆርሱ እጃቸው ቆም ይል ነበር። የእኔን ጥፋት የራሳቸው ነው ብለው ይዘውት ሞቱ።

ዘነበች ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ይቅር አልኳት። እኔ ግን ሲኞራ በሕይወት ሳሉ አፌን አልከፈትኩም። ይህን የምታነቡ ሁሉ ይቅር በሉኝ አልልም። የበደልኩት እጅ የእናንተ አይደለም።