የቬሉማሲ ግራ ጆሮ

የቬሉማሲን ግራ ጆሮ ባባኩቱ ቆረጠችው ተባለ። በገበያው ወሬ፣ ቬሉማሲ ጦር ወረወረባት፤ እሷም ቅርንጫፍ ላይ እንደተቀመጠች በአንድ እጇ ቀልባ መልሳ ላከችለት። ወሬው ዓሣ ሻጯ ሱአቬሉ ጋ ሲደርስ ጦሩ ሦስት ሆነ፤ ከሰዓት በኋላማ ባባኩቱ ከዛፍ ወርዳ በጥፊ አጮለችው ተባለ።

ባባኩቱን የሚያውቅ ትንሽ መጠርጠር ነበረበት። ግማሽ ቀን ለጋ ቅጠል ስታኝክ፣ ግማሽ ቀን የበላችው እስኪፈጭ ስታንጎላጅ የምትውል ጭራ አልባ ሌመር፣ ጦጣ መሰል የዛፍ እንስሳ ናት። ከባሏ በቀር ማንንም መትታ አታውቅም። እሱንም የምትመታው ሳትጠግብ እጁን ወደ ቅጠሉ ሲሰድ ነው፤ ይህ ደግሞ በመንደራችንም ያለ ሥርዓት ነው። ነገር ግን አያቶቻችን «ባባኩቱ የተወረወረበትን ጦር ይመልሳል፣ አይስትም» ብለዋል። አያት ይዋሻል?

ቬሉማሲ በየማለዳው ሩዙን ሳይቀምስ የባባኩቱዎቹን ዘፈን ያዳምጣል። በሸንተረሩ ላይ የቀሩት አራት ድምፆች ናቸው። እናትየዋ የምትወልደው በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ፣ ያውም አንድ ነው፤ የጎደለ ድምፅ ቶሎ አይተካም። የሰሞኑን የመጥረቢያ ድምፅ የማሳ ምንጣሮ መስሎት ንቆት ነበር። ያን ቀን ግን ዘፈኑ መሃል ላይ ተቆረጠ። ቆንጨራውን እንኳ ሳያነሣ ሮጠ።

የከበረ ድንጋይ ፍለጋ የመጡ ሁለት ባዕዳን ዛፉን ዙሪያውን ጨፍጭፈው እናትየዋን ብቸኛ ግንድ ላይ አስቀርተዋታል። ከመሬት ብዙም ከፍ ሳትል ግንዱን ታቅፋለች፤ ግልገሏ ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል። ረጅሙ ሰውዬ ጦር አነጣጥሯል።

«ተው ወንድሜ! የአባቶቻችን ዘመድ ናት!»

«ዘመድህ ከሆነችማ አንተም ከምሳው አትቀርም፤ ሩዝ ይዘህ ና!»

ቬሉማሲ ዘልሎ መሃል ገባ። ጦሩ ጆሮውን ከሥሩ መንጥቆ ግንዱ ላይ ተሰካ። ከዚያ የአንደኛው አፍንጫ በቴስታ ተፈረከሰ፤ የቬሉማሲ ሁለት ጎድኖች በመጥረቢያ እጀታ ተሰበሩ፤ የረጅሙ አውራ ጣት ደግሞ በቬሉማሲ ጥርስ መሃል ገብታ ባለቤቷ ጋ ሳትመለስ ቀረች። ሰዎቹ ደም እያዘሩ ቁልቁል ሲፈረጥጡ ጩኸታቸው ሦስት ሸለቆ ተሻገረ። በግርግሩ መሃል ባባኩቱ ከግንዱ ወርዳ፣ መሬት ለመሬት እየዘለለች ማዶ ዛፍ ላይ ወጥታ ነበር።

የመንደሩ ሰው ደርሶ ያየው ግን ሌላ ነው፦ ግንድ ላይ የተሰካ ጦር፣ ማዶ ዛፍ ላይ የምትጮህ ባባኩቱ፣ ጆሮ የሌለው ቬሉማሲ። አያት አልዋሸም! በዚያው ዕለት ሸንጎ ተቀመጠ። ባባኩቱን ወግቶ አባቶች የከለከሉትን የደፈረ፣ ሲሞት የቤተሰቡ መቃብር አይገባም። ጆሮ ቢቆረጥ አንድ ይቀራል፤ ከመቃብሩ የተባረረ ምን ይቀረዋል?

ሽማግሌው ጃውማዛቫ አዘኑለት። «ልጄ፣ ወጋኋት በልና ኮርማ እንረድ። አባቶች ይቅር ይሉህ ይሆናል።»

ሰዉ የኮርማ ስም ሲሰማ የቬሉማሲን ጥፋት ይበልጥ አመነበት።

«እመን እንጂ አንተ፣ ድስቱ ተጥዷል!» አለች ሱአቬሉ ከኋላ።

ቬሉማሲ ጎኑን ደግፎ ተነሣ። በሙዝ ቅጠል የጠቀለለውን ፈትቶ ምንጣፉ ላይ ጣለው፤ ጥፍሯ በትምባሆ የበለዘ አውራ ጣት ናት።

«አባባ፣ ይህ የባባኩቱ ጣት ነው? እኔ ጦር አልወረወርኩም። እሷም አልቀለበችም፣ አልመለሰችም፤ መወርወርም አታውቅም። ጆሮዬን የቆረጠው ሰው ነው። እሷ ልጇን አዝላ ዘልላ ሄደች፤ ዞራም አላየችኝም።»