ለልዑልቃል የመጣው መጥሪያ

ሮማንወርቅን የማውቃት እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ፓርክ ሮያል ሰፈር፣ ሳንድዊች ፋብሪካ ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ቆመን ዳቦ ላይ ቺዝ ደርድረናል። እኔ አፌ አያርፍም፣ እሷ ደግሞ ጆሮዋ አይሰለችም፤ እንዲሁ ተስማማን። ባሏ ሌላ አግብቶ ማንቸስተር ከገባ ወዲህ ያላት አንድ ልጅ ነበር፣ ልዑልቃል። እሱንም በአሥራ አምስት ዓመቱ አስም በአንድ ሌሊት ነጠቃት። ከቀብሩ በኋላ የድሮው ቤት አላስቀምጥ ቢላት ቤት የሚሰጠውን ካውንስል ለምና ሰቨን ሲስተርስ የሚባል ሰፈር ሌላ ፍላት አገኘች።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ልጁ የሞተው በድሮው ቤት ነው። አዲሱን ቤት በዓይኑ አላየውም።

ሁለት ዓመት አለፈ። ኦክቶበር ላይ በእረፍት ሰዓታችን ከካፖርቷ ኪስ ደብዳቤ አውጥታ ሰጠችኝ። «ቲጂ፣ እስኪ አንብቢልኝ። እኔ ያነበብኩት ልክ አልመስልሽ አለኝ።»

ከፖሊስ ነው። ልጅዎ ልዑልቃል ገብረመድኅን፣ ዕድሜው አሥራ ሰባት፣ ዓርብ ዕለት መናፈሻ ውስጥ የአልኮል መጠጥ ይዞ ተገኝቷል፤ መጠጡ ተወስዶበታል፤ ስሙንና አድራሻውን ሲጠየቅ ሰጥቷል ይላል። የልደት ቀኑ ልክ ነው። አድራሻው የአዲሱ ቤት ነው፣ እስከ በሩ ቁጥር ድረስ።

ክው አልኩ። «ተሳስተው ነው» አልኳት። «ይሄ ኮምፒውተር የሚሉት ነገር እኮ ሰው ይቀላቅላል።»

«አሥራ ሰባት ይላል» አለች። «እኔ የቀበርኩት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው። ቲጂ፣ ሰው መቃብር ውስጥ ያድጋል እንዴ?»

በስመ አብ! ብዬ አማተብኩና ሻዬን ሳልጨርስ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሁለተኛው ደብዳቤ ዲሴምበር ላይ መጣ። ያው መናፈሻ፣ ያው ስም፣ አሁን ቮድካ ነው። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ከተያዘ እንደሚከሰስ፣ ጥፋተኛ ከተባለም እንደሚቀጣና መዝገብ ላይ እንደሚሰፍር ያስጠነቅቃል። ያን ሰሞን ቤቷ ስሄድ በሩ ሥር አዲስ የወንድ ስኒከር አየሁ።

«የማን ነው?»

«ሲሞት ስምንት ቁጥር ነበር የሚያደርገው» አለች ረጋ ብላ። «ዘጠኝ ገዛሁ። ሁለት ዓመት ሆነው እኮ።»

ጫማው ጫፉን ወደ ቤት ውስጥ አዙሮ ተቀምጧል፣ አሁን የገባ ሰው እንዳወለቀው። ዘልዬው ነው የወጣሁት፤ ልረግጠው አልደፈርኩም።

ማርች ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ተይዟል ተብሎ መጥሪያው ደረሰ፦ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ የወጣቶች ፍርድ ቤት። በእኛ አገር ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል፤ እዚህ ጭራሽ ሙት ይከሰሳል!

«የሞት ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂና አሳያቸው» አልኳት። «ወዲያው ይሰርዙታል።»

«ይሰርዙታል?»

«አዎና!»

«እንግዲያው አላሳይም። አንዴ ቀብሬዋለሁ፣ ሁለተኛ አልቀብረውም።»

«አብደሻል እንዴ ሴትዮ? ሬሳ ሊከሱ እኮ ነው!» አልኩ፤ ምነው አፌን በቆረጠው።

አላለቀሰችም። «አሁን ስሙን የሚጠራልኝ ፖሊስ ብቻ ነው» አለች።

እኔ የሞተ ሰው ቮድካ ይጠጣል ብዬ የማምን ሴት አይደለሁም፤ ብፈራም አላምንም። አውቶቡስ ላይ ሆኜ ሳሰላስል መጣልኝ። የልጁን ልደትም፣ አዲሱን ቤትም የሚያውቅ ማን ነው? ቤት ስትቀይር ፍሪጁን ተሸክሞ ሦስት ፎቅ የወጣው ተክለአብ ነው፤ የጓደኛችን የውባንቺ ልጅ፣ የልዑልቃል የልብ ጓደኛ።

ቅዳሜ የሚያጠናበት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት። «አንተ! የልዑልቃልን ስም ለፖሊስ የሰጠኸው አንተ ነህ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ሶሪ፣ አንቲ ቲጂ። ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ለመማር አፕላይ አድርጌያለሁ። በስሜ ከመዘገቡት ዩኒቨርሲቲው መዝገቤን ቼክ ያደርጋል ብዬ ፈራሁ። እሱን ደግሞ... ምንም ሊያደርጉት አይችሉም ብዬ ነው።»

«ሁለተኛውንና ሦስተኛውንስ?»

«ያው ፖሊስ ነው ያገኘኝ። ‹ልዑልቃል፣ አሁንም አንተ ነህ?› አለኝ። ‹የስ› አልኩ። ደብዳቤ እንደሚልኩ አላወቅኩም።»

«እናቱ ጋ ነው የሚሄደው! ማክሰኞ አራት ሰዓት ፍርድ ቤት ትቆማለች። ጫማ ገዝታለታለች፣ ገባህ? ጫማ!» ብዬው ጥዬው ሄድኩ። እያለቀስኩ ነበር፣ አልዋሽም።

ማክሰኞ ሮማንወርቅ ነጠላዋን ተከናንባ፣ የጫማውን ሳጥን ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። እስከዚያ ድረስ ደፍሬ ያልነገርኳትን የተክለአብን ነገር ልነግራት አፌን ስከፍት እጄን ያዝ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ። የፍርድ ቤቱ ስም ጠሪ ብቅ አለች።

«ልዑልቃል ገብረመድኅን!»

እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ማን እንደጠራሽ ሳታውቂ አቤት እንዳትዪ ትለኝ ነበር። ሴትዮዋ ደግማ ጠራች። የሮማንወርቅ ዓይን ደረጃው ላይ ተተክሏል። እየጠበቀችው ነው። የእውነቷን እየጠበቀችው ነው።

ሦስተኛ ስትጠራ ከደረጃው «የስ» የሚል የወንድ ድምፅ መጣ።

ረጅም ልጅ ነው፣ የሹራቡን ቆብ ዓይኑ ድረስ ደፍቷል። ሮማንወርቅ ብድግ አለች። ሳቀች። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሁለት ዓመት ያላየሁትን ሳቅ! ከዚያ ልጁ ቆቡን ገለጠ።

ተክለአብ ነው። «ልዑልቃል እኔ ነኝ» አላት ስም ጠሪዋን። ቅጣቱን በሟቹ ስም ሊቀበል መጥቷል።

ሮማንወርቅ ቀረበችው። በጥፊ ታጮለዋለች ብዬ ነበር። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየችው። ከዚያ ሳጥኑን ከፈተች፤ ከጫማው ሥር የሞት ወረቀቱን አወጣች። ለካ ይዛው ነው የመጣችው።

«ልጄ ሞቷል» አለች ለሴትዮዋ፣ በእንግሊዝኛ፣ ማንም ሳይተረጉምላት። ወደ ተክለአብ ዞረች። «አንተ እናትህ ያወጣችልህ ስም አለህ። በስምህ አቤት በል።»

«ተክለአብ ብዙነህ» አለ እያለቀሰ።

የልዑልቃል ክስ ተሰረዘ። የተክለአብ ጉዳይ ወደ ፖሊስ ተመለሰ፤ ሐሰተኛ ስም መስጠቱም ታከለበት። ዩኒቨርሲቲው ምን እንደሚል ገና አላወቅንም። ለዩኒቨርሲቲው ደግ ልጅ ነው፣ የልጄ ጓደኛ ነው የሚል ደብዳቤ ያጻፈችኝ ሮማንወርቅ ራሷ ናት።

ትናንት ቤቷ ሄድኩ። ጫማው አሁንም በሩ ሥር ነው። ጫፉ ግን ወደ ውጪ ዞሯል።

«ማን አዞረው?» አልኳት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ይሂድ ብዬ።»