ራጅ ከሱሉልታ ወደ ሰበታ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ዓለም ገና

ከቤቴ የወጣሁት ጀርባዬ ላይ ላፕቶፕ፣ እጄ ላይ የኬብል ጥቅል ይዤ ነው። የምኖረው ዓለም ገና ነው። ሥራዬ ኮምፒውተሮችን ማነጋገር ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ብዬ ስመልስ "ከሰው ጋርስ ትነጋገሪያለሽ?" ብሎ የሚያሾፍብኝ አይጠፋም። የዚህ ጉዞ ዓላማ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያሉትን የአንድ ባለቤት ሦስት ትናንሽ ክሊኒኮች ማገናኘት ነበር። ቡራዩና ሱሉልታ የራጅ ማሽን አላቸው። ራጁን የሚያነቡት ሐኪም ግን አንድ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የሚሠሩት ሰበታ ነው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከዚያ አይንቀሳቀሱም። ስለዚህ እስካሁን የሚንቀሳቀሰው በሽተኛው ነበር። ከሱሉልታ ተነስቶ፣ ራጁን በፖስታ ብብቱ ሥር ይዞ፣ አዲስ አበባን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ ሰበታ ይደርሳል። አስነብቦ ደግሞ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ጤነኛውንም የሚያሳምም መንገድ ነው።

ባለቤቱ ትዕግሥታቸው አልቋል። "ሱሉልታ በዚህ ሳምንት ካልተገናኘ ማሽኑን አስነቅዬ ቡራዩ አስተክለዋለሁ" ብለውኛል። እንደዚያ ከሆነ የሱሉልታና የዙሪያዋ ሰው ለማስነበብ ብቻ ሳይሆን ራጅ ለመነሳትም ከተማ መውረድ ሊኖርበት ነው። ቅዳሜና እሑድን ሳስብ የቆየሁት ይህንኑ ነበር።

ሰበታ

ከዓለም ገና ሰበታ ቅርብ ነው፤ የጅማ መንገድ የከባድ መኪና ሰልፍ ካልያዘው። ያን ቀን ያዘው። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ከተፍኪ ገበያ ያመጣችውን ሽምብራ እሸት እየፈለፈለች ለእኔም ታካፍለኝ ነበር፤ መንገዱ ሲከፈት እሸቱም አለቀ።

ዶክተር ፍቅሩ ጥቁር መጋረጃ በተጋረደባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ዓይናቸው ግን ከእኔ ዓይን ይሻላል። ማንም የሚጠይቀውን እኔም ጠየቅኳቸው።

"ዶክተር፣ ከሱሉልታ በቴሌግራም ቢልኩልዎትስ?"

"ላኩልኝ እንጂ። ስክሪኑን በስልክ አንስተው ላኩልኝ። ልጄ፣ እኔ የፎቶ ፎቶ አላነብም። የመብራቱን ነጸብራቅ አይቼ ሳንባው ቆስሏል ልል ነበር።"

ስለዚህ ዋናው ምስል ሳይቀነስና ሳይደበዝዝ ከማሽኑ ቀጥታ እሳቸው ጋ መድረስ አለበት። እሳቸው ፊት ያለው ኮምፒውተር ለሌሎቹ የሩቁ ኮምፒውተር ነው። የቅርቡና የሩቁ እንዲነጋገሩ በሦስት ነገር መስማማት አለባቸው፤ የት እንደሚገኙ በሚነግር አድራሻ፣ በሚገቡበት በር፣ እና "እኔ እገሌ ነኝ" በሚያሰኝ መታወቂያ። የኮምፒውተር መታወቂያ ከቀበሌው ብዙ አይለይም፤ የተሰጠበት ቀን አለው፣ የሚያበቃበት ቀን አለው። ለሦስቱም ክሊኒኮች መታወቂያ አዘጋጅቼ፣ በሩን ከፍቼ፣ ምሳ ሳልበላ ተነሳሁ። ዶክተሩ ሲሸኙኝ "ሱሉልታን አደራ" አሉ። "የዚያ በሽተኞች እዚህ ሲደርሱ ራጁን ከመስጠታቸው በፊት ወንበር ይለምኑኛል። ከበሽታው ይሁን ከመንገዱ መለየት አቃተኝ።"

ከሰዓት በኋላ፣ ቡራዩ

ከሰበታ ቡራዩ ለመሄድ ከተማ ገብቶ መውጣት ግድ ነው። አየር ጤና ወረድኩ፣ ጦር ኃይሎች ወረድኩ፣ አስኮ ወረድኩ። በየመውረጃው ሰልፍ አለ። አስኮ ላይ አንድ ወያላ "ቡራዩ! ሆለታ! ቡራዩ!" እያለ ጎትቶ አስገባኝ። እሱው ራሱ ኬብሌን እንደ ዕቃ ቆጥሮ ሊያስከፍለኝ ሞከረ፤ ተከራክሬ ታቅፌው ሄድኩ።

ቡራዩ ላይ ብዙም አልተቸገርኩም። የሰበታውንና የቡራዩውን መስመር የዘረጋው አንድ ባለሙያ ስለነበር ለሁለቱም ክሊኒኮች አንድ ዓይነት የውስጥ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። የሁለት ሰፈር ቤቶች አንድ ቁጥር ቢለጠፍባቸው ደብዳቤው የት እንደሚገባ አይታወቅም። የቡራዩውን ቁጥር ቀየርኩት፤ የአንድ ልጅ የክንድ ራጅ ተላከ። ወዲያው ዶክተሩ ደወሉ።

"ደርሷል፤ ጥርት ብሏል። አጥንቱም ደህና ነው፤ እናቱን አታስጨንቋት።"

እናትየዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም። ቀጥሎ ልጁን በደህናው ክንዱ ይዛ፣ ሐሳቤን ከመቀየሬ በፊት የምታመልጥ ይመስል በፍጥነት ወጣች። እኔም ደስ ብሎኝ ጎረቤት ካለ ቤት ተጋቢኖ በላሁና ወደ ዓለም ገና ተመለስኩ። ሱሉልታ እንዲህ እንደሚቀልልኝ ተስፋ አድርጌ ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ የተነሳው ሚኒባስ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። ባሕር ዛፉ ሲያልቅ ብርዱ ጀመረ፤ ከዚያ ሜዳው ተዘረጋ። ሣር፣ አጥር ያጠሩ አዳዲስ ቤቶች፣ ወተት በጀሪካን የጫኑ ፈረሶች። ከመንገዱ ዳር ቆሜ አንድ ብርጭቆ እርጎ በሃምሳ ብር ጠጣሁ። በሕይወቴ ከከፈልኳቸው ሃምሳ ብሮች የማይቆጨኝ እሱ ነው።

ክሊኒኩ ውስጥ መጀመሪያ ያገኘኋቸው የካርድ ክፍሉን ሠራተኛ ኦቦ ደበላን ነው። ፀጉራቸው ሸብቷል፤ ክራባታቸው ግን ጥብቅ ብሎ ታስሯል።

"አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ? እኛን የምታገናኚው አንቺ ነሽ?"

"ነጋ፣ ደህና አድሬያለሁ፣ ኦቦ ደበላ። አዎ እኔ ነኝ። አንቱ ደህና ነዎት?"

የራጅ ባለሙያዋ ሰናይት በሩን ከፍታ ስትጠብቅ አገኘኋት። እዚያው አግዳሚ ላይ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ አንድ ገበሬ ወደ ግራ ጋደል ብለው ተቀምጠዋል። ትናንት ፈረስ ረግጧቸው ጎናቸውን ራጅ ተነስተዋል። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ አዲስ ባርኔጣ አድርገው፣ ፖስታውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ሰበታ ሊነሱ ነበር።

"አባቴ፣ ትንሽ ይቆዩ። መንገዱ ሊቀርልዎት ይችላል" አልኳቸው። ለሰናይትም "ግፋ ቢል ግማሽ ሰዓት ነው" አልኳት። አፌን ምን አስከፈተኝ።

አድራሻውን አስገባሁ፣ በሩን አሳየሁት፣ መታወቂያውን ሰጠሁት። የሱሉልታው ኮምፒውተር ሰበታን አገኘው፤ ግን መታወቂያውን አልቀበልም አለ። "የዚህ መታወቂያ ጊዜ ገና አልደረሰም" ይላል። መታወቂያውን ሰርዤ እንደገና አወጣሁ። ያው ነው። ኬብሉን ቀየርኩ። ያው። የኢንተርኔት መስመሩን ጠረጠርኩና ደውዬ ሰው አስቸገርኩ፤ መስመሩ ደህና ነው አሉኝ። ኦቦ ገመቹ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ በሩ ያያሉ። ሰናይት የማሽኑን ጠርዝ በጨርቅ ደጋግማ ትወለውላለች። ያ ማሽን ከሄደ እሷም አብራ እንደምትሄድ ታውቃለች። የተወለደችው እዚሁ ነው፤ ከአዲስ አበባ የተመለሰችውም ማሽኑ ስለተተከለ ነው።

ሞኝነቴ የገባኝ ልደውልላቸው ብዬ ዶክተሩ ሥራ ላይ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ሰዓት ስመለከት ነው። የስክሪኑ ጥግ ላይ አራት ሰዓት ተኩል ይላል። ልክ ነው፤ ረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ቀኑንም አየሁ፤ የዛሬ ቀን ነው። ወሩም፣ ዓመተ ምሕረቱም። ሁሉም ልክ በመሆኑ ጠዋቱን ሙሉ ዓይኔ እየዘለለው አልፏል። ልክ የሆነው ግን በእኛ በኢትዮጵያውያን አቆጣጠር ነው። ለኮምፒውተር ያ ሌሊት ነው፣ ዓመቱም ወደ ኋላ የቀረ ነው። ትናንት ያወጣሁትም ዛሬ ያወጣሁትም መታወቂያ በዚህ ማሽን አቆጣጠር ከሰባት ዓመት በላይ ቆይቶ የሚሰጥ ነው። ገና ያልተሰጠ መታወቂያ አላምንም ማለቱ ትክክል ነው።

"ኦቦ ደበላ፣ ይህን ሰዓት ማን ነካው?"

"እኔ ነኛ" አሉ ኮራ ብለው። "ተሳስቶ ነበር፤ አስተካከልኩት።"

ልቆጣ ነበር። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ሳብ አድርገው አስረዱኝ። ይኸው ኮምፒውተር የቀጠሮ ወረቀትም ያትማል። አንድ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ሁለት ሰዓት ብሎ አተመ። አንዲት እናት ልጅ አዝላ ከገጠር በጠዋቱ ሁለት ሰዓት ደረሰች። ማሽኑ የፈረንጁን ማለቱ ስለነበር ሐኪሙ የመጣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ዓመቱም እንዲሁ ነው፤ የትውልድ ዘመን በእኛ ሲጻፍለት የስድስት ዓመቱን ልጅ አሥራ ሦስት ያደርገዋል።

"እኔ ሰዓቱን ለሰው ነው ያስተካከልኩት" አሉ።

"ገባኝ፣ ኦቦ ደበላ። ግን በዚህ ሰዓት ይህ ማሽን ከሰበታው ጋር አይግባባም። ራጁ አይሄድም፤ ማሽኑም ይነቀላል።"

ይህን አያውቁም ነበር። ክራባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ፣ ወደ ሰናይት አዩና ቀስ ብለው ተነሡ። ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ የጠገበ አሮጌ ኮምፒውተር እንዳለ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ካርዱንና ቀጠሮውን ወደ እሱ አዛወርነው። እሱ ከማንም ጋር አይገናኝም፤ በእኛ ሰዓት የሱሉልታን ሰው ያገለግላል። የራጁን ኮምፒውተር ወደ ዓለም ሰዓት መለስኩት፤ የበሽተኛውን ዕድሜ ሰናይት በእጇ ትጽፍበታለች። ከዚያ ቁልፉን ተጫንኩ። ሰበታ ተቀበለ።

የመጀመሪያው ምስል የኦቦ ገመቹ ጎን ነበር። ዶክተሩ ደወሉ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

"አንድ ጎድን ተሰብሯል። ሳንባው ደህና ነው። መኪና እንዳይሳፈር፣ እንዳይንገላታ። ቤቱ ገብቶ ይተኛ።"

ሰናይት ወደ ግድግዳው ዞራ ዓይኗን ጠረገች። ባለቤቱም ስደውልላቸው "እንግዲህ ማሽኑ ይቆይ" አሉ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ እደብቃለሁ ብዬም አልሞከርኩም። ደስ ያላላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ወለሉን ያያሉ።

"ምን ሆነው ነው?" አልኩ ለኦቦ ደበላ በሹክሹክታ።

"ሴት ልጁ ዓለም ገና ነው ያገባችው። እሱ ሳይፈቅድ። ኩርፊያው ዓመታት አለፈው። ቤቷን ረግጦ አያውቅም። ሐኪም ሰበታ ላከኝ፣ እግረ መንገዴን ነው ብሎ ሊገባ ነበር።"

ለካ ጋቢውም፣ ባርኔጣውም ለሐኪም አልነበረም። ልሰናበታቸው ስነሳ እሳቸው ቀደሙኝ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ የዓለም ገና ነሽ አሉኝ።"

"አዎ፣ አባቴ።"

ከጋቢያቸው ሥር አንድ ክዳን ያለው ዕቃ አወጡ። ጭኮ ነው፤ ቅቤው በክዳኑ ሥር ይሸታል። "አደባባዩ አጠገብ የሕፃን ልብስ ትሸጣለች። ጫልቱ በይና ጠይቂ። ከማን ነው ብትል..." አሉና አልጨረሱትም። "ታውቀዋለች። ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ።"

ረቡዕ ማታ፣ ዓለም ገና

ጭኮውን ጭኔ ላይ አድርጌ ከተማውን አቋረጥኩ። ላፕቶፔ እግሬ ሥር ነበር። ጫልቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ሱቋን ልትዘጋ ስትል ደረስኩ። ክዳኑን ከፍታ ትንሽ ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች፤ ከማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

"አሞታል?"

ስለ ፈረሱ፣ ስለ ጎናቸው፣ ስለ ራጁ ነገርኳት። ሰበታ ሊመጡ እንደነበር፣ እግረ መንገዳቸውንም እሷ ጋ ሊገቡ እንደነበር ነገርኳት። ራጁ ቀድሞ ስለደረሰ መንገዱ እንደቀረም።

"ከእንግዲህ ማንም ሰው ራጅ ይዞ ወደዚህ አይመጣም ማለት ነው?"

"አይመጣም። እዚያው ሆነው ይነበብላቸዋል።"

"እንኳን" አለች። ከልቧ ነው። የአንድ ሕፃን ኮፍያ አንስታ አጣጠፈችና መልሳ ዘረጋችው። "ግን እንግዲህ ምን ብሎ ይመጣል?"

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ብዙ ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን ሙሉ አሳጥረዋለሁ ስል የነበረው መንገድ የበሽተኛ መከራ ብቻ መስሎኝ ነበር። መከራም ነው፤ በሠራሁት አልጸጸትም። ግን በዚያ መንገድ ራጅ ብቻ እንደማይሄድ አላሰብኩም። ኮምፒውተሮቹን ለማስታረቅ ሰዓታቸውን ማስማማት በቃ። የተኳረፈ ሰው ደግሞ ምክንያት ይፈልጋል፤ እኔ ያን ምክንያት ነው ያጠፋሁት።

ዶክተር ፍቅሩ ጋ ደወልኩ።

"ዶክተር፣ ያ የሱሉልታው ጎድን ሲድን ለክትትል ሰበታ ሊጠሩት ይችላሉ?"

"ለምን? ራጁ ይመጣልኝ የለም እንዴ?"

"ራጁ ይመጣል። ሰውየው ነው የማይመጣው።" ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጫወትኳቸው።

"በሕክምናው አያስፈልግም" አሉ። "ቢሆንም ትንፋሹን በራሴ ጆሮ ባዳምጠው ደስ ይለኛል። መኪና መሳፈር ሲችል ይምጣ። ግዴታ ነው ብለሽ ንገሪው፤ አለዚያ አይመጣም።"

ወዲያው ለኦቦ ገመቹ እንዲነግሩልኝ ኦቦ ደበላ ጋ ደውዬ ግዴታ ነው አልኳቸው።