ሰው ሳይሞት ማልቀስ

እናቴ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ትነግድ ነበር። ደግ ሴት ነበረች፤ ግን በእሷ ቤት ሰው ሳይሞት ማልቀስ ክልክል ነው። ታላቅ እህቴ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ከሰማች፣ «ማን ሞተብሽ? ሟርተኛ! ሞት ልትጠሪብን ነው?» ትላታለች። ማንም አልሞተባትም። ጠዋት ስትነሳ ዝም ብሎ ይመጣባታል።

ዘዴዋን ሳስታውስ አንጀቴን ትበላኛለች። በርበሬ መቀንጠስ ካለ ማንንም አታስነካም። ዓይኗ ቀልቶ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ግማሽ ቀን ትቀመጣለች። እናቴም በርበሬው ነው ብላ ታልፋታለች። በርበሬው ሲያልቅ ደግሞ ለቅሶ ትፈልጋለች። ከእድር ሴቶች ጋር ተሳፍራ ጎረቤት ከተማ ቆሼ ድረስ ትሄድና፣ ስሙን እንኳ ለማታውቀው ሰው ተንሰቅስቃ አልቅሳ ትመለሳለች። ሰፈሩ «እንዴት ያለች አዛኝ ልጅ ናት!» ይላል። ኤዲያ! ምን አዛኝነት አለው? ማልቀሻ ቦታ ነበር የቸገራት።

በመጨረሻ ሁለቱንም ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ የስሜት ሕመም ነው ብሎ ክኒን አዘዘላት። እናቴንም «እናቴ፣ ማልቀስ ማንንም አይገድልም፤ ይተዉዋት» አላት። እናቴ እሺ አለች እንጂ አላመነችውም። እህቴ ግን አመነችው። በማግስቱ በር ላይ ተቀምጣ፣ ሰው እያያት፣ እንደ ልቧ አለቀሰች።

ሳምንት ሳይሞላ እናታችን ገበያ ላይ ወደቀች፤ በዚያው ቀረች። ደም ግፊት ነበረባት፤ መድኃኒቱን ትታው ከርማለች።

በለቅሶው ላይ እህቴ አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። ሴቶቹ «ለባዳ ስታነባ ኖራ ለእናቷ ድንጋይ ሆነች» ብለው ሲያሟት ሰማሁ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ አጠገቤ ያለችውን ሴትዮ «ምን አገባሽ!» ብዬ ጮኽኩባት።

ድንኳኑ ሲፈርስ እናቴ ከተወችው በርበሬ ሰፌድ ሙሉ አምጥቼ እህቴ ፊት አስቀመጥኩ።

«በይ ቀንጥሺ። አልቅሺ፣ እህቴ። አሁን ማንም አይቆጣሽም።»

ሰፌዱን በቀስታ ገፋችው። «እማዬ ላይ ሞት የጠራሁባት እኔ ነኝ።»

«ደም ግፊት ነው የገደላት! ሐኪሙ ማልቀስ ማንንም አይገድልም ሲል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ» አለች። «አሁን የቀረሽኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ። አላለቅስም።»

ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀሰችም። እኔ ሳስነጥስ ግን ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ ግንባሬን ትዳስሳለች።