የሰዓት ሠሪው የከርከዴ ወይን

ባለቤቴ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ የነገር ሁሉ ክዳን ካልከፈተ እንቅልፍ አይወስደውም። አምና እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረና ሱቁን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ማንኪያ አያነሳም። እንግዳ ሲመጣ «ጠግቤያለሁ» ይላል። ውሸታም! እንግዳው ሲሄድ ወጥ ቤት ቆሞ ብቻውን ይበላል።

ከርከዴ ወይን እንዲጥል የመከርኩት እኔው ነኝ። «ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው» አልኩት። ምን አፍ ሰጠኝ! እሱ ዘንድ ትዕግሥት ከየት ይመጣል? የደረቀውን አበባ ቀቅሎ፣ አጥልሎ፣ ስኳርና እርሾ ጨምሮ፣ ትንፋሹ በቀጭን ቱቦ እንዲወጣ አድርጎ ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ አሸገው። በማግስቱ ከፈተው። በሦስተኛው ቀንም ከፈተው። «ምን እየሠራ እንደሆነ ልየው እንጂ!» ይለኛል፣ ውስጡ የሰዓት ሞላና ጥርስ ያለ ይመስል። አየር ገባበትና አቼቶ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሰላጣ ስንበላ ከረምን።

«እጄ የነካው ሁሉ ይበላሻል» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አንጀቴን በላኝ።

«እጅህ ምን አደረገ? ዓይንህ ነው ያበላሸው!» ብዬ ጮህኩበት። በግድ ሦስተኛውን አስጣልኩትና ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ስድስት ሳምንት ሲያባብለኝ፣ ሲቆጣኝ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ሲያዳምጥ ሰነበተ። አንዴማ «ኮቴን ፈልጌ ነው» ብሎ መጣ፤ በዚያ ሙቀት!

እሑድ ልጃችንና ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ለምሳ መጡ። ጠርሙሱን አውጥቼ ቀድሜ ቀመስኩ። ደረቅ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ጎምዘዝ የሚል፣ የምር ወይን!

«ሠራኸው፣ አንተ ሰውዬ!» አልኩ።

ልጃችን ተነስታ «አባዬ፣ እኔ ልቅዳ» አለች።

«ተይው። እኔ ነኝ የጣልኩት።»

ጠርሙሱን በሁለት እጁ አነሳ። የጠርሙሱ አንገት ብርጭቆውን እየመታ ተንቋቋ፤ ቀዩ ወይን ነጩ የጠረጴዛ ልብሴ ላይ ፈሰሰ። እሱ ጨርቁን አየት አደረገና «ይቅመስ እንጂ፣ እሱስ ምን በደለ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ዳቦ ላምጣ ብዬ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ። ስመለስ ለእኔም ቀድቶ፣ ገሚሱን አፍስሶ፣ ብርጭቆውን በዚያው እጁ ይዞ ይጠብቀኛል።