«ውጭ አገር አካውንት አለዎት?»

ታክስ የሚሠራልን ልጅ ቢሮ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ፣ ከአንድ የሐበሻ ሱቅ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳውን ተከትለው ስድስት ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ይተዋወቃል። ልጁ ፎርሙን እየሞላ፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ ውጭ አገር የባንክ አካውንት አለዎት ወይ ብሎ በየዓመቱ ይጠይቀኛል። እኔም በየዓመቱ ከአፉ ቀበል አድርጌ «የለኝም» እላለሁ።

ነበረኝ። አዲስ አበባ፣ በእናቴና በእኔ ስም የተከፈተ፣ ቤቷን ላድስላት ብዬ ያጠራቀምኩበት። ቤቱ ሳይታደስ እናቴ አረፈች። ከዚያ ወዲህ ገንዘቡን ለማውጣትም አካውንቱን ለመዝጋትም እጄ እምቢ አለኝ፤ ስሟና ስሜ ጎን ለጎን ተጽፈው የቀሩት እዚያ ደብተር ላይ ብቻ ነው።

የለኝም ያልኩት ታክስ ፈርቼ አይደለም። ጥያቄው የመንግሥት ጥያቄ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በአማርኛ ስጠየቅ፣ የሰፈር ወሬ ማውጣጣት መሰለኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አለኝ ብል ወሬው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቀድሞኝ ይገባል፣ ሰኞ ብድር ፈላጊ ይደውልልኛል ብዬ አሰብኩ። ያን ጊዜ ብልህ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሰው መናቅም ነበረበት።

ከምደብቃቸው አንዷ ጓደኛዬ ነበረች። ኮሌጅ ፓርክ አንድ ሆቴል ውስጥ አብረን ክፍል እናጸዳለን፤ ከሎረንስቪል የምንመላለሰው በእሷ መኪና ነበር። ታክስ የምናሠራውም አብረን ሄደን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የሕግ ባለሙያ ተጋብዛ ገለጻ አደረገች። ውጭ አገር ባንክ ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ያለው ሰው በየዓመቱ ማሳወቅ አለበት፤ ያላሳወቀ ይቀጣል፤ ሆን ብሎ የደበቀማ ቅጣቱ ካስቀመጠው ገንዘብ ሊበልጥበት ይችላል አለች። የእኔ ከአሥር ሺህ ያልፋል። በሳምንቱ ቢሮዋ ሄጄ ሁሉን ዘረዘርኩላት።

«ሳያውቁ እንደሆነ ካመኑን ቅጣቱ ይቀላል» አለችኝ። «ስለዚህ አካውንት ያወሩለት ሰው አለ? አንድ ሰው የምስክርነት ስቴትመንት ፈርሞ ቢሰጥልን ኬዙን በጣም ይረዳል።»

ሃያ ዓመት የኖርኩበትን ከተማ ሰው ሁሉ በሐሳቤ ዞርኩ። ለቅሷቸው የደረስኩላቸው፣ ክርስትና የበላሁባቸው ብዙ ናቸው። ያወራሁለት ግን አንድም አልነበረም።

በማግስቱ ወደ ሥራ ስንሄድ ለጓደኛዬ ነገርኳት። ነገሩን ሳላሳምር፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ያልነካሁት ገንዘብ እንደሆነ ነግሬ፣ ሆን ብላ አልደበቀችም ብላ እንድትፈርምልኝ ለመንኳት።

«እናትሽ ሞታለች?» አለች።

ሞታለች። አራት ዓመቷ። መርዶውን በስልክ ሰምቼ፣ ለቅሶ የሚመጣው ሰው ስለ ቤቱና ስለ ውርሱ እንዳይጠይቀኝ ብዬ ፊቴን ታጥቤ ሥራ ገባሁ። ያን ቀንም ያደረሰችኝ እሷ ናት። ብርድ ነው ያመመኝ ብያት ነበር።

ከአውራ ጎዳናው በኤግዚቱ ወጥታ መኪናውን ፓርክ አደረገች። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«ታዲያ ምን ብዬ ልፈርምልሽ?» አለች። «አላውቅሽም እኮ።»

ለታክስ መሥሪያ ቤቱ የሚላከውን ደብዳቤ ከሕግ ባለሙያዋ ጋር ያለ ምስክር ጻፍነው። ለምን እንዳላሳወቅኩ፣ ማንን ፈርቼ እንደኖርኩ፣ እናቴን እንዴት ብቻዬን እንዳለቀስኩ ሁሉ አለበት። ከእሷ ሌላ ይህን ሁሉ ስለ እኔ መጀመሪያ ያነበበው ፊቱን የማላውቀው የታክስ ሠራተኛ ነው። አመነኝ መሰለኝ፤ ቅጣቱ ቀለል አለልኝ፤ አካውንቱም ሳይዘጋ ቀረ። ከጓደኛዬ ጋር ሰላም እንባባላለን፤ ሥራ የምሄደው ግን በአውቶቡስ ነው።

በዓመቱ ብራያርክሊፍ ሄድኩ። ስድስቱም ወንበር ሞልቷል። ልጁ እንደ ልማዱ ጠየቀኝ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አለኝ» አልኩ።

ማንም ከስልኩ ቀና አላለም። ጓደኛዬ በሌላ ቀን መጥታ አሠርታ ሄዳለች።