በማስመሪያ የተሰረዘው ስም

ምናልባት አንዳንዱን በስህተት አስታውስ ይሆናል። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በአዲሱ የፋክስ ማሽን የምሠራው እኔ ነበርኩ።

አንድ ጠዋት አለቃዬ ወደ ጦር ግንባር የሚሄዱ ሠራተኞችን ዝርዝር ሰጡኝና «ግርማን ሰርዘው፤ ለእናቱ አንድ ነው» አሉኝ። ወረቀቱ እንዳይበላሽ በማስመሪያ አንድ ቀጭን መስመር በስሙ ላይ አሰመርኩ።

ባልደረባዬ ግርማ አጠገቤ ቆሞ «አይ አንተ! ሰው ከሞት ስታወጣ እንኳ በማስመሪያ ነው?» ብሎ ሳቀ።

ፋክሱ የሚያልፍበት ስልክ ቶሎ ስለሚቋረጥ ዝርዝሩን በማሽኑ ፈጣን አላላክ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ላክሁት።

በሦስተኛው ቀን ወታደሮች መጥተው ግርማን ጠሩት። «ተሰርዟል እኮ!» ብዬ ወረቀቴን አሳየሁ። መቶ አለቃው የደረሰውን ፋክስ ዘረጋልኝ፤ በስሙ ላይ ምንም መስመር የለም።

«ያንተን አሁን ነው ያሰመርከው» አለኝ። አለቃዬ አቀርቅረው ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ግርማ ሄደ፤ አልተመለሰም።

በኋላ የማሽኑን መመሪያ አነበብኩ። ማሽኑ ወደ ጎን በየሚሊሜትሩ ስምንት ነጥብ ያነባል፤ ወደ ታች ግን፣ በፈጣኑ አላላክ፣ አራት እንኳ አይሞላም፤ በመካከል የወደቀውን ይዘለዋል። በዚያው ብዕርና ማስመሪያ አንድ ቁም፣ አንድ አግድም መስመር አስምሬ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ላክሁና ደውዬ ጠየቅሁ። የደረሳቸው ቁሙ ብቻ ነበር።